አንድ ግስ በሁለት ጫፍ፦ የላቲን ሥነ ጽሑፍ ትምህርትና የትርጉም ጥያቄ

በእንግሊዝ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የላቲን ሥነ ጽሑፍን በከፍተኛ ደረጃ የሚያጠና ተማሪ ከሚቀርቡለት ፈተናዎች መካከል አንዱ ከአባት ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ርስት ተጠብቆ የኖረ ነው። ተማሪው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው የላቲን ምንባብ ይሰጠዋል፤ መዝገበ ቃላት መግለጥ አይፈቀድለትም፤ በተወሰነለት ሰዓት ውስጥ ምንባቡን ወደ ራሱ ቋንቋ መልሶ ያስረክባል። ፈተናው በተለምዶ ‹ያልታየ› እየተባለ ይጠራል። ፈታኙ በበኩሉ የሚመረምረው ስሙ ከነሙያው፣ ግሱ ከነጊዜው፣ ቅጽሉ ከሚቀጸልበት ስም ጋር ተገጣጥሞ መመለሱን ነው። ከዚሁ ጎን ለጎን ሁለተኛ ልምምድ አለ፤ ይኸውም የእንግሊዝኛን ጽሑፍ ወደ ላቲን መመለስ ነው። በእነዚህ በሁለቱ የሠለጠነ ሰው ላቲን ዐዋቂ ይባላል፤ ዐዋቂነቱም በዋዛ የተገኘ አይደለም። ይሁን እንጂ ያወቀው ምንድን ነው? ሰዋስው የተፈታለት ሰው ግጥሙም ተፈትቶለታል ለማለት ይቻላልን?

ጥያቄው የመምህራን ብቻ እንዳይመስል ላቲን በዚያ አገር የነበረውን ማኅበራዊ ሥፍራ ማስታወስ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ላቲን ለረጅም ዘመን የሹመት በር ነበረ። እስከ 1960 ድረስ ላቲን ያልተማረ ወጣት ወደ ኦክስፎርድም ሆነ ወደ ካምብሪጅ መግባት አይፈቀድለትም ነበር። ሕንድን የሚያስተዳድሩ ሹማምንት በውድድር ፈተና እንዲመረጡ በተወሰነ ጊዜ፣ በቶማስ ማኮሌይ የሚመራው ኮሚቴ በ1854 ባቀረበው ዕቅድ ለላቲን 750፣ ለግሪክም 750 ነጥብ መድቧል። ለሳንስክሪት የተመደበው 375 ነበር፤ ለዓረብኛም እንዲሁ 375። ስለዚህ የሚገዛውን ሕዝብ የጥንት መጻሕፍት ከሚያነበው ወጣት ይልቅ የሮማን ባለቅኔ የሚፈታው እጥፍ ዋጋ ያገኝ ነበር ማለት ነው። ፈተናው የሚመዝነው ዕውቀት ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ በላይ ማስረጃ መፈለግ ድካም ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ መርምሮ ማየት ይበጃል። ምሳሌውም የላቲን ተማሪ ሁሉ የሚደርስበት የቨርጂል ‹ኤኔይድ› ነው።

ቨርጂል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 ተወልዶ በ19 የሞተ የሮማ ባለቅኔ ነው። ኤኔይድ አሥራ ሁለት መጻሕፍትና 9,900 ያህል ስንኞች ያሉት ሲሆን፣ ባለቅኔው ሥራውን ሳይጨርስ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ ጽሑፉ እንዲቃጠል ፈልጎ እንደ ነበረ፣ አውግስጦስ ቄሣር ግን ይህን ከልክሎ እንዲሠራጭ እንዳዘዘ የጥንት ጸሐፊዎች ይተርካሉ። የግጥሙ ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው። ትሮይ በግሪኮች እጅ ስትወድቅ ኤኔያስ አባቱን በትከሻው ተሸክሞ፣ ልጁን በእጁ ይዞ ይሰደዳል። በባሕር ተንከራትቶ ካርቴጅ ይደርሳል፤ ንግሥቲቱን ዲዶን ወድዶ፣ ኋላም ትቷት ይሄዳል። በመጨረሻ ኢጣልያ ገብቶ የአገሬውን መስፍን ቱርኑስን ተዋግቶ ይገድለዋል። የሮም ዘር ከእርሱ ይቆጠራል።

በዚህ ታላቅ ግጥም መክፈቻ ላይ፣ በአምስተኛው ስንኝ፣ ጀግናው ያን ሁሉ መከራ የተቀበለው ከተማ ለመመሥረት እንደ ሆነ ይነገራል። ለ‹መመሥረት› የገባው የላቲን ግስ ‹ኮንዴሬ› ነው። በሠላሳ ሦስተኛው ስንኝ ላይ የሮምን ሕዝብ ማቋቋም ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ሲገለጽ ግሱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ ትርጉም እዚህም እዚያም ብቅ እያለ አሥራ ሁለቱን መጻሕፍት ይዘልቃል። በመጨረሻው መጽሐፍ ቱርኑስ ጭኑን ተወግቶ፣ በጉልበቱ ወድቆ፣ እጁን ዘርግቶ ምሕረት ይለምናል። ኤኔያስ ለአፍታ ያመነታል። ወዲያው ቱርኑስ የገደለውን የወጣቱን የፓላስን መታጠቂያ በጠላቱ ትከሻ ላይ ያያል፤ በቁጣ ነድዶም ሰይፉን በደረቱ ያስገባበታል። ግጥሙ ሊያልቅ ሦስት ስንኝ ሲቀረው የሚፈጸመውን ይህን ግድያ የሚናገረው ግስ ያው ኮንዴሬ ነው።

ግሱ ሰፊ ነው። ገበሬ እህሉን በጎተራ ሲያኖር ኮንዴሬ ይባላል። ሙት ሲቀበር፣ ዕቃ ሲሸሸግ፣ ሰይፍ ወደ ሰገባው ሲመለስ፣ ግጥም ሲደረስ፣ ከተማ ሲቆረቆር የላቲን ተናጋሪ በዚሁ በአንድ ግስ ይጠቀማል። የሮማ ታሪክ ጸሐፊዎች ከተማይቱ ከተመሠረተችበት ጊዜ አንሥተው ዓመት ሲቆጥሩ የሚሉትም በዚሁ ግስ ነው፤ ስለዚህ ለሮማዊ ጆሮ ቃሉ ተራ የቤት ቃል ሳይሆን የአገር ልደት ቃል ነበረ። (ሙኒክ ላይ በ1894 የተጀመረው፣ የመጀመሪያው ጥራዝ በ1900 የወጣው ታላቁ የላቲን መዝገበ ቃላት እስከ ዛሬ አለማለቁን የሰማ ሰው የላቲን ቃላት ምን ያህል ሆደ ሰፊ እንደ ሆኑ መገመት አያዳግተውም።) እንግዲህ ቨርጂል ከተማ በተመሠረተበት ግስ ሰው ሲያስገድልበት የሚናገረው አንድ ነገር አለ። የሮም መሠረት የቱርኑስ ደረት ነው። ሰይፉ የገባበትና ከተማይቱ የቆመችበት ጉድጓድ አንድ ነው።

‹ያልታየ› የተባለውን ፈተና የሚያርመው ሰው ግን በመጀመሪያው ሥፍራ ‹መሠረተ›፣ በመጨረሻው ‹ወጋ› ብሎ ለመለሰ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። መስጠቱም ትክክል ነው፤ ስሕተት አልተገኘበትምና። ሁለቱ ስንኞች ተለያይተው ሲፈተኑ ግጥሙ ያሰራቸው ገመድ በየትኛውም ወረቀት ላይ አይታይም።

የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎችን ሥራ በዚህ መስፈርት መመዘን ይቻላል። ጆን ድራይደን ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ነበር፤ በ1697 ያሳተመው ትርጉም በድምፁ ግርማ እስከ ዛሬ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ድራይደን ከተማይቱን ‹ገንብቶ›፣ ሰይፉን ‹ሰንቅሮ› ያልፋል። ሁለቱም በየቦታቸው ያማሩ፣ እርስ በርሳቸው ግን የማይተዋወቁ ግሶች ናቸው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሮበርት ፌግልስ በ2006 ባወጣው ትርጉም የመጨረሻውን ግድያ የሚናገርበት ግስ ችግኝ ለሚተክል ሰው የሚባለው ግስ ነው። ተርጓሚው እዚህ ላይ ወደ ምሥጢሩ ቀርቧል። ዳሩ ግን በመክፈቻው ከተማይቱን በሌላ ግስ ስለ መሠረታት አንባቢው የጀመረበትንና የጨረሰበትን ማገናኘት ሳይችል ይቀራል። እንግሊዝኛ ድሀ ቋንቋ ስለ ሆነ አይደለም። ተርጓሚው ስንኝ በስንኝ ሲሠራ ሁለቱ ስንኞች በመካከላቸው 9,900 ያህል ስንኝ ስላለ ነው።

የኢትዮጵያን ቅኔ ቤት የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ዓይነቱ ቃል ስም አያጣለትም። ኅብረ ቃል ይለዋል። አንዱ ቃል ለሰሙም ለወርቁም ያገለግላል፤ ሰሙን የሰማ ሰው በሰሙ ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ወርቁ የሚገኘው ቃሉን ሁለት ጊዜ ለሰማ ነው። ቨርጂል ያደረገው ኅብረ ቃሉን በአንድ ቤት ውስጥ ከማኖር ይልቅ ከግጥሙ መክፈቻና መዝጊያ ላይ ማቆም ነው። ለምን እንዲህ እንዳደረገ መገመት አያስቸግርም። የርስ በርስ ጦርነቱ አክቲዩም ላይ በተደረገው የባሕር ውጊያ የለየለት ከልደት በፊት በ31 ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥልጣን ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ገብቷል፤ ባለቅኔው የሚጽፈውም ያ ሰው እየጠበቀው ነበር። በአደባባይ ሊባል የማይችለውን በሰም ሸፍኖ መናገር የኢትዮጵያ ሊቃውንት ብቻ ሙያ አይደለም።

የአማርኛ ተርጓሚ በዚህ ቦታ ምን ሊያደርግ ይችላል? በመጀመሪያ የሚመጣለት ‹ቆረቆረ› ነው፤ ከተማ ይቆረቆራልና። ቃሉም ጥላ አለው፦ ድንጋይ ጎን ይቆረቁራል፣ ክፉ ሥራ ኅሊናን ይቆረቁራል። ከተማ ቆርቋሪው ራሱ የሚቆረቁር ነገር እንዳኖረ ለማሳሰብ ይህን የመሰለ ቃል አይገኝም። ሰይፍ ግን አይቆረቁርም፤ ሰይፍ ይወጋል፤ ስለዚህ ቃሉ መጨረሻው ላይ ይከዳል። ሁለተኛውና የተሻለው ‹ተከለ› ነው። ምሰሶ ይተከላል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ደብር ይተከላል፣ ፋብሪካም ይተከላል፤ ጦርና ጩቤም በጠላት ደረት ላይ ይተከላል። ‹ከተማ ተከለ› ማለት ‹ከተማ ቆረቆረ› ከማለት ያነሰ የተለመደ ቢሆንም ‹ደብር ተከለ›ን የለመደ ጆሮ አያስከፋም። በዚያውም ላይ የጥንት ነገሥታት ከተማ ድንኳን በተተከለበት የሚቆም፣ ድንኳን ሲነቀል የሚነሣ እንደ ነበረ ይታወቃል። ስለዚህ ‹ተከለ› በመጀመሪያው ላይም በመጨረሻው ላይም ሳይንገዳገድ ይቆማል። እንግሊዝኛው ለሦስት መቶ ዓመት የተቸገረበትን አማርኛ ከቤቱ አውጥቶ ይሰጣል ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ችግሩ ሁሉ ተወገደ ማለት አይደለም። ኮንዴሬ ውስጥ መቃብር አለ፤ ‹ተከለ› ውስጥ የለም። ያንን የያዘው ‹ቀበረ› ነው፤ እህልም በጉድጓድ ይቀበራል፣ ምሥጢርም በሆድ ይቀበራል፣ ሙትም ይቀበራል። ከተማ ግን አይቀበርም። ‹ተከለ›ን የመረጠ ተርጓሚ ሕይወት ያለው ነገር እንደሚበቅልበት ሁሉ ግድያውን ወደ ተስፋ ያዘነብለዋል፤ ይህም ከቨርጂል ይልቅ ለአውግስጦስ ይመቻል ብሎ የሚከራከር ሐያሲ ሊነሣ ይችላል። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምረው የሚገባውም ይህን ክርክር ነው።

በትርጉም የጠፋው ኅብረ ቃል በፖለቲካ ላይ ምን እንደሚያስከትል የሃያኛው መቶ ዓመት ታሪክ በግልጽ አሳይቷል። በስድስተኛው መጽሐፍ ኤኔያስ በሕይወቱ ሳለ ወደ ሙታን አገር ወርዶ ከአባቱ ከአንኪሰስ ጋር ይገናኛል። አባቱ ጥበብንና ዕውቀትን ለሌሎች ሕዝቦች ትቶ የሮማዊ ሙያ አገር መግዛት መሆኑን፣ ሲገዛም ለተሸነፈው መራራት እንዳለበት ይመክረዋል። ምክሩን ከአሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ ጋር አያይዞ ያነበበ ሰው የተሸነፈው ቱርኑስ እየለመነ መገደሉን ስለሚያይ፣ ባለቅኔው ምክሩን በልጁ እጅ እንዳፈረሰው ይገባዋል። ምክሩ ብቻውን ተቆርጦ ሲነበብ ግን የቅኝ ገዢ መፈክር ይሆናል። ፋሺስት ኢጣልያ በ1930 የቨርጂልን ሁለት ሺሕኛ የልደት ዓመት ስታከብር ስንኞቹን በፖስታ ቴምብር ላይ አትማለች። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ አዲስ አበባ በተያዘች በአራተኛው ቀን፣ ሙሶሊኒ የሮም ግዛተ ዐፄ ዳግመኛ መነሣቱን ከሰገነት ላይ ሆኖ ዐወጀ። በ1937 ከአክሱም ሐውልቶች አንዱ ከወደቀበት ተጭኖ ሮም ተወሰደና በዚያ ተተከለ። ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005፣ በቀድሞ ሥፍራው የቆመው በ2008 ነው። እዚህ ላይ ‹ተተከለ› የሚለው ቃል በደረት ላይ ይሁን በመሬት ላይ አንባቢው ይፍረድ።

ነገሩን የሚያስገርመው ደግሞ እነዚያ ቨርጂልን ከፍ አድርገው ያነገሡ ሰዎች በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ትዕይንት አለማስተዋላቸው ነው። ኤኔያስ ካርቴጅ እንደ ደረሰ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የትሮይ ጦርነት ተሥሎ ያገኛል፤ የሞቱትን ወዳጆቹን አንድ በአንድ እያየ ያለቅሳል። ከሥዕሎቹ መካከል ጥቁሩ ሜምኖን ከነመሣሪያው አለ። ሜምኖን በግሪኮች ትረካ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው፤ ትሮይን ሊረዳ መጥቶ በአኪለስ እጅ የሞተ ነው። በእርግጥ የግሪኮች ‹ኢትዮጵያ› ከዛሬው አገር ወሰን ጋር አንድ አይደለም፤ ጠይም ሕዝብ የሚኖርበትን ሩቅ አገር ሁሉ የሚያካትት ስም ነበረ። ያም ሆኖ በቨርጂል መጽሐፍ ውስጥ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የወደቀው ለኤኔያስ ወገን፣ ማለትም ለሮማውያን አባቶች፣ ሲዋጋ ነው። የቨርጂልን በዓል አክብሮ ወደ ዓድዋና ወደ ማይጨው የዘመተው ሠራዊት የተሸከመውን መጽሐፍ አላነበበውም።

በዚሁ ትዕይንት ‹ነገር› እና ‹እንባ› ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራች፣ ተርጓሚዎችን ያደከመች ዝነኛ ሐረግ አለች። ችግሩ ያለው ‹ሬስ› በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ዕቃ፣ ጉዳይ፣ ሀብት፣ የተደረገ ሥራ፣ በዳኛ ፊት የቀረበ ክርክር ሁሉ በላቲን ‹ሬስ› ነው። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ግድ ይሆንበታል። አማርኛ ግን ‹ነገር› አለው። ነገር ዕቃም ነው፣ ጉዳይም ነው፣ ወሬም ነው፣ ሙግትም ነው፤ ነገር የሚያስለቅስ መሆኑንም አማርኛ ተናጋሪ ከማንም አይማርም። እንዲህ ያለውን መገጣጠም ፈልጎ ማግኘት ከሰዋስው በላይ የሆነ ችሎታ ይጠይቃል።

የቋንቋ ዕውቀት ብቻውን ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል የኢኖክ ፓወል ታሪክ ይመሰክራል። ፓወል በካምብሪጅ ግሪክና ላቲን የተማረ፣ በ25 ዓመቱ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የግሪክ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ነበር፤ ኋላም የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ሆኗል። በሚያዝያ 1968 በርሚንግሃም ላይ ባደረገው ንግግር ከውጭ አገር የሚገቡ ሰዎች አገሪቱን እንደሚያጠፏት ሲተነብይ፣ ቲቤር ወንዝ በደም ሲሞላ በሩቅ የታየውን ሮማዊ ጠቅሶ ራሱን ከእርሱ ጋር አመሳሰለ። ምንጩ የኤኔይድ ስድስተኛ መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ሥፍራ ትንቢቱን የምትናገረው የኩማይ ነቢይት ሲቢል ናት እንጂ ሮማዊ አይደለም፤ ሮምም ገና አልተመሠረተችም። የሚያዳምጣት ደግሞ አገሩ ተቃጥሎበት፣ በባሕር መጥቶ፣ በሰው አገር ዳርቻ ላይ የቆመው ስደተኛ ኤኔያስ ነው። የስደተኛ መጽሐፍ በስደተኛ ላይ ተጠቀሰ። በሰዋስው ፈተና ፓወልን የሚጥለው ፈታኝ አልነበረም።

ከዚህ ተነሥቶ ሰዋስው አያስፈልግም የሚል ቢኖር የባሰ ይሳሳታል። ኮንዴሬ በሁለቱም ጫፍ መኖሩን የሚያየው ላቲኑን የፈታ ሰው ብቻ ነው፤ በትርጉም ለሚያነብ ሰው ግሱ ከመጀመሪያው ጠፍቶበታል። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በ2021 የክላሲክስ ጥናትን ዋና ትምህርታቸው ያደረጉ ተማሪዎች ላቲን ወይም ግሪክ እንዲማሩ የሚያስገድደውን ደንብ አንሥቷል። የደንቡ መነሣት ዓላማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላቲን የመማር ዕድል ላላገኙ ወጣቶች በሩን መክፈት ነው፤ ከላይ የተባለውን የሹመት በር ታሪክ ያስታወሰ ሰው ዓላማውን አይነቅፍም። ነገር ግን በሩ ከተከፈተ በኋላ ቋንቋውን ከቤቱ ማውጣት ለእንግዳው የተዘጋጀውን ማዕድ እንደ ማንሣት ነው። ዕድል ላላገኘው ወጣት የሚገባው ቋንቋው ራሱ ነው።

የትርጉምን ነገር ከሮማውያን ራሳቸው መማር ይቻል ነበር። የላቲን ሥነ ጽሑፍ የተጀመረው በትርጉም ነው። ሊቪዩስ አንድሮኒኩስ የታሬንቱም ግሪካዊ ሲሆን፣ ከልደት በፊት በ240 ሮም ላይ በበዓል ቀን በላቲን ተውኔት አቀረበ፤ የሆሜርንም ኦዲሴይ በአገሬው የስንኝ ምት ወደ ላቲን መለሰ። ሆሜር የሚጠራትን የግሪኮች የግጥም አምላክ ስሟን እንዳለ አልገለበጠም፤ በእርሷ ቦታ ኢጣልያውያን የሚያውቋትን የምንጭ አምላክ አስገባ። ብልሁን ኦዲሴዩስን የገለጸበት ቅጽልም ‹መመለስ› ወይም ‹መገልበጥ› ከሚል ግስ የወጣ ነው፤ ይህ ግስ በላቲን መተርጐም ማለትም ነው። እነሆ የመጀመሪያው ተርጓሚ በመጀመሪያው ስንኝ ላይ ኅብረ ቃል አግኝቷል። የሚያሳዝነው የኋላው ታሪክ ነው፦ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ባለቅኔው ሆራስ ልጅ ሳለ የሊቪዩስን ግጥም በኦርቢሊዩስ ዱላ ሥር እንደ ተማረ ያስታውሳል። ነፃ ሆኖ የተወለደው ትርጉም የፈተና መጽሐፍ ሆነ።

የኢትዮጵያ ጥናትም ከዚህ ትምህርት ውጭ አይደለም። ሂዮብ ሉዶልፍ ጎታ ላይ በ1652 ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኝቶ የተማረውን ግዕዝ በ1661 በመዝገበ ቃላትና በሰዋስው፣ አማርኛውንም በ1698 ያሳተመው በላቲን ነው። የአውጉስት ዲልማን ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1865 ሲወጣ ፍቺው ላቲን ነበር፤ ግዕዝን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚመረምር ተማሪ የአባቶቹን ቃል ፍቺ ለማግኘት ዛሬም የሮማውያንን ቋንቋ ደጅ ይጠናል። (ዮሐንስ ፖትከን ሮም ላይ የዳዊትን መዝሙር በግዕዝ ፊደል ያሳተመው በ1513 ነው፤ በዚያው ዓመት ስኮትላንዳዊው ጋቪን ደግላስ ኤኔይድን በአገሩ ቋንቋ ተርጉሞ ፈጸመ።) ሆኖም ዲልማንን የሚያነብ ተማሪ የአንድምታውን መምህር ዘዴ ሊንቅ አይገባውም። መምህሩ ንባቡን ያሰማል፤ ነጠላውን ይፈታል፤ ከዚያ ‹አንድም› ብሎ ሌላውን ፍቺ ያቀርባል፣ ‹አንድም› ብሎ ሦስተኛውን ያክላል፤ አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ኮንዴሬ የሚፈልገው ይህን ነው፦ አንድም መሠረተ፣ አንድም ቀበረ፣ አንድም ሸሸገ፣ አንድም ደረሰ። ‹ያልታየ› የሚባለው ፈተና ‹አንድም› ለሚል ተማሪ ቦታ የለውም።

ይህን የምዕራቡ ሊቃውንትም ዘግይተው ደርሰውበታል። አዳም ፓሪ በ1963 ባወጣው ድርሰት በኤኔይድ ውስጥ ሁለት ድምፅ እንደሚሰማ፣ አንደኛው የድል፣ ሁለተኛው የኀዘን እንደ ሆነ ካመለከተ ወዲህ ቨርጂልን እንደ ቤተ መንግሥት አዝማሪ ብቻ ማስተማር አስቸጋሪ ሆኗል። ሼመስ ሂኒ ደግሞ በሰሜን አየርላንድ በተማሪነቱ የታዘዘለት ዘጠነኛው መጽሐፍ ነበር፤ የላቲን መምህሩ ግን ስድስተኛው በሆነልን እያሉ ይቆጩ እንደ ነበር ጽፏል። ያ ቁጭት ባለቅኔውን ዕድሜውን ሙሉ ተከትሎት ስድስተኛውን መጽሐፍ ተረጐመ፤ የታተመው ከሞተ በኋላ በ2016 ነው። መምህሩ የተቆጩለት ስድስተኛ መጽሐፍ ከፈተናው ውጭ ነበር።

ዛሬ አንድን የላቲን ምንባብ በሴኮንዶች ውስጥ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ የኮምፒውተር ፕሮግራም በየተማሪው እጅ ገብቷል። የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ለስላሳና ከሰዋስው ስሕተት የጸዳ ነው፤ መምህራንም ተጨንቀዋል። ጭንቀታቸው ፈተናው ምን ይለካ እንደ ነበር የሚያሳይ ነው። ፈተናው የሚጠይቀው አንዱን ፍቺ ብቻ ከሆነ መሣሪያው ፈተናውን አልፏል፤ ነጥቡም ይሰጠው። ያን ጊዜ ለተማሪው የሚቀርለት ጥያቄ መምህራን ገና ከጥዋቱ ሊጠይቁት ይገባ የነበረው ነው፦ ለዚህ ግስ በራስህ ቋንቋ ውስጥ ምን አለህ? ስትመርጠው ማንን ደስ ያሰኛል፣ ማንን ይቀብራል?

ለአማርኛ ተርጓሚ ከኮንዴሬ በኋላ ሦስት ስንኝ ሳይሞላ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ኤኔይድ የሚያበቃው በድል አድራጊው ወይም በከተማይቱ አይደለም፤ የቱርኑስ ነፍስ እያጉረመረመች ስትወርድ ነው፤ የግጥሙ የመጨረሻ ቃልም በላቲን ጥላዎች ማለት ነው። ‹ጥላ› በአማርኛ ፀሐይ የከለለችው ብቻ ሳይሆን የሰው ግርማና መንፈስ ነው፤ ጥላው የከበደ፣ ጥላ ቢስ ይባላል። ስለዚህ ቃሉ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ሕይወት አለው። የሙታንን አገር ለማመልከት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ‹ሲኦል› ቢባል ደግሞ ቨርጂል ያልሰማው ስብከት አብሮ ይገባል።